ለፍሬን ሥራ ማጽጃና ጨርቅ ሲመርጡ

ኮምቦልቻ ጋራዥ ለሚሠሩ ባለሙያዎች፦ ከደሴ ቁልቁለቱን ወርዶ የመጣ መኪና ፍሬን ሲፈታ ዲስኩንና ታምቡሩን በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ማጠብ የተለመደ ቢሆንም፣ ሁለቱም ቅባት ስለሚተዉ የፍሬን ሸራው (ዲስኩን ወይም ታምቡሩን ተጭኖ የሚያቆመው ክፍል) ያንን ይመጥና የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ቅሪት ሳይተው የሚተን የፍሬን ማጽጃ ይሻላል፤ ሲገዙም ክሎሪን የሌለበት መሆኑን ከጣሳው ጽሑፍ ላይ ያረጋግጡ፣ ምክንያቱም ክሎሪን ያለበት ማሟሚያ የብየዳ ሙቀት ሲያገኘው ፎስጂን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ክሎሪን የሌለውም በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ፣ የታጠበው ዕቃ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ብየዳ አይጀመር። ከልብስ ሰፊ የሚሰበሰበው ቁርጥራጭ ለእጅና ለወለል ይበቃል፤ ለዲስክ ግን ብናኝ የማይለቅ ነጭ ጨርቅ እመርጣለሁ፣ ጥቁሩ ቆሻሻ ማለቅ አለማለቁ ወዲያው ይታይበታልና።