የጥቁር መኪና ጭረትና የሸረሪት ድር እንዴት ይጠፋል?

ጥቁር መኪና ታጥቦ ጥላ ሥር ሲቆም መስታወት ነው። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ገመናው ይገለጣል። ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ብርሃኑን ከብቦ ይታያል። ነጭ መኪናም ያው ጭረት አለበት። ነጭ ቀለም ይደብቅለታል፣ ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ግን ያሳጣሉ።

የሚገርመው ጭረቶቹ ክብ አይደሉም። በየአቅጣጫው የተበተኑ፣ አብዛኞቹ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ብቻ ስለሚታዩን ክብ ይመስሉናል። ቆማችሁ ወደ ጎን ራመድ በሉ፤ ክቡ አብሯችሁ ይሄዳል።

መጀመሪያ ምን እንደምትነኩ እወቁ

የመኪና ቀለም ድርብርብ ነው። ብረቱ ላይ ፕራይመር የሚባለው የመጀመሪያ ሽፋን አለ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ግልጽ ሽፋን። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ የሁሉም ውፍረት ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ቢሆን ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው።

ጭረት በፖሊሽ፣ ማለትም ቀለምን በስሱ በሚፍቅ ቅባት፣ ሲጠፋ ጉድጓዱ ተሞልቶ አይደለም። ዙሪያውን ያለው ክሊር ተፍቆ ከጉድጓዱ ጋር ስለሚስተካከል ነው። ስለዚህ ፖሊሽ ባደረጋችሁ ቁጥር ክሊሩ ይሳሳል። ፀጉርስ ይበቅላል፤ ክሊር አይበቅልም። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ጥንቃቄ ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ነገር ነው።

ጭረቱን በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ አቋርጡት። ጥፍር ካልያዘው በፖሊሽ የመጥፋት ዕድሉ ሰፊ ነው። ጥፍር ከያዘው ጠርዙ ይለዝብ ይሆናል እንጂ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብላችሁ አትጠብቁ። ውሃ ስታፈሱበት ለጊዜው ከተሰወረም ክሊሩ ላይ ያለ ጭረት ነው። ከሥሩ ፕራይመር ወይም ብረት ከታየ ግን የፖሊሽ ጉዳይ አይደለም፤ በመኪናው የቀለም ኮድ የተዘጋጀ የመነካኪያ ቀለም ያስፈልገዋል። ማት የሚባለው የማያብለጨልጭ ቀለም ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ፖሊሽ የሚባል ነገር አታስጠጉት። ያብለጨልጭና የዥጉርጉር መልክ ይይዛል።

እጥበቱ

አቧራ ላይ ፖሊሽ ማድረግ በአሸዋ እንደ መፈግፈግ ነው። መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሙ፣ ኮፈኑ ይቀዝቅዝ። ሁለት ባልዲ አዘጋጁ፤ አንዱ የመኪና ሻምፖ ያለበት፣ ሌላው ንጹህ ውሃ። የማጠቢያ ጓንቱን ሻምፖ ውስጥ ነክራችሁ አንድ በር እጠቡ፤ ከዚያ መጀመሪያ ንጹህ ውሃው ውስጥ አራግፉት፣ ቀጥሎ ወደ ሻምፖው መልሱት። ከጣሪያ ወደ ታች ውረዱ። ጎማና ቸርኬ የራሳቸው ጨርቅ ይኑራቸው።

ከታጠበ በኋላ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ቀለሙን ዳብሱ። ብርጭቆ ወረቀት ከመሰላችሁ ውሃ የማያስለቅቀው የፍሬን ብናኝ፣ ሬንጅ ወይም የዛፍ ሙጫ ተጣብቋል። ይህን የሚያነሳው ክሌይ የሚባለው እንደ ሊጥ የሚለጠጥ የመኪና ማጽጃ ጭቃ ነው። ቀለሙን በሻምፖ ውሃ በደንብ አርጥባችሁ ክሌዩን ሳትጫኑ አንሸራትቱት። በየጊዜው እያጠፋችሁ ንጹህ ፊቱን አውጡ። መሬት ከወደቀ ጣሉት፤ የያዘው አሸዋ አዲስ ጭረት ያወጣል።

ካደረቃችሁ በኋላ ጥቁር ፕላስቲኮችን፣ የመስኮት ጎማዎችንና የበርና የኮፈን ጠርዞችን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው።

በእጅ ወይስ በማሽን?

በር እጀታ ሥር ላለች የጥፍር ጭረት እጅ ይበቃል። መኪናውን በሙሉ በእጅ እሠራለሁ ማለት ግን ትከሻን መፍጀት ነው። ለጀማሪ የሚሆነው ስፖንጁ እየዞረም እየተወዛወዘም የሚሠራ፣ ዱዋል አክሽን የሚባለው ማሽን ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከረው ማሽን ፈጣን ነው፤ ግን ሙቀቱን አንድ ቦታ ይሰበስባል። እኔ የመጀመሪያ ልምምዴን የጀመርኩት በተዋስኩት በዚሁ ዓይነት ነበር። የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ለአፍታ አቆምኩትና ክሊሩ ነዶ ተነሳ። ፕላስተርም አልለጠፍኩም ነበር። ኮፈኑ እንደገና ተቀባ፤ ማሽኑንም መለስኩ።

አሁን ትልቁ ሥራ። ኮፈኑ ላይ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ በፕላስተር ለዩ። ሙከራችሁ እዚያ ብቻ ነው። በለስላሳ ስፖንጅና በደቃቅ ፖሊሽ ጀምሩ። ጭረቱ ከጠፋ ሌላ አያስፈልግም። ካልጠፋ መጀመሪያ ስፖንጁን ጠንከር ባለ ለውጡ፤ ያም ካልበቃ ወደ ኮምፓውንድ፣ ከፖሊሽ ሻከር ብሎ የበለጠ ወደሚፍቀው ቅባት፣ ሂዱ። ብዙ ሰው በኮምፓውንድ ይጀምርና በከንቱ ክሊር ይጨርሳል።

ስፖንጁ ላይ አተር የሚያህል ጠብታ ሦስት ወይም አራት ቦታ አድርጉ። ማሽኑን ሳታበሩ ቀለሙ ላይ አሳርፉት፤ በአየር ላይ ካበራችሁት ፖሊሹ ግድግዳውንም ፊታችሁንም ይቀባል። በዝቅተኛ ፍጥነት አዳርሱት። ከዚያ ባለ 6 ደረጃ ማሽን ከሆነ ወደ 4 ወይም 5 ከፍ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርብ። አንዴ ወደ ላይና ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ። ማሽኑን አትደገፉት። ስፖንጁ መሽከርከሩን ካቆመ ተጭናችሁታል። በየመሃሉ ቀለሙን በእጅ ጀርባ ንኩት፤ ለብ ካለ ደህና ነው፣ ካቃጠለ አቁሙ።

በንጹህ ማይክሮፋይበር ጥረጉት። ስፖንጁ ላይ የተጋገረውን ፖሊሽም ከእያንዳንዱ ቦታ በኋላ በብሩሽ አራግፉ። የመኪናው ቀለም ስፖንጁ ላይ ከወጣ አቁሙና አጣሩ። ክሊር የሌለው የድሮ ቀለም ከሆነ የተለመደ ነው፤ ክሊር ባለው መኪና ላይ ግን ክሊሩ አልቋል ማለት ነው።

ገና አትደሰቱ። ፖሊሽ ውስጥ ያለው ዘይት ጭረቱን ለጊዜው ይሞላዋል። ከ10 እስከ 15 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ያለበት ውሃ ረጭታችሁ ጥረጉና በስልካችሁ ባትሪ ከጎን አብሩበት። ጭረቱ ተመልሶ ከመጣ መጀመሪያውንም አልጠፋም ነበር። የጥርስ ሳሙናና የምግብ ዘይት «ተአምር» የሚመስሉትም በዚሁ መንገድ ነው፤ ዘይቱ ይሸፍናል፣ ጥርስ ሳሙናው ደግሞ ለቀለም ባልተመጠነ ደቃቅ ፍግፈጋ ያደበዝዛል።

ኮምፓውንድ ከተጠቀማችሁ ጥቁር ቀለም ላይ ስስ ጭጋግ ይቀራል። ያን የሚያነሳው ሁለተኛው ዙር ነው፤ በጣም ለስላሳ ስፖንጅና ደቃቅ ፖሊሽ። ነጭ መኪና ላይ ይህ ዙር ቢዘለል ማንም አያውቅባችሁም። ጥቁር ላይ ግን መዝለል የለም። ሙከራው ሲያምርላችሁ በዚያው መንገድ ሌላውን ክፍል በክፍል ቀጥሉ።

ጥፍር የሚይዘውን ጭረት በ2000 ወይም በ3000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ የሚፍቁ ባለሙያዎች አሉ። እነሱ የቀለሙን ውፍረት በመሣሪያ ለክተው ነው። መለኪያው ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

ከዚያ በኋላ

የተወለወለ ቀለም ራቁቱን ነው፤ መከላከያ ሽፋን ቀቡት። ዋክስ ለሳምንታት ይቆያል፣ ሲላንት ለወራት፣ በደንብ የተቀባ ሴራሚክ ደግሞ ለዓመታት። አንዳቸውም ቢሆኑ በደረቅ ጨርቅ አቧራ ከመጥረግ አያድኑትም። ያ የጠዋት ጠረጋ ነው የሸረሪት ድሩን የሚያደራው። አቧራውን በውሃ አስለቅቁ። ስታደርቁ ወፍራም የማይክሮፋይበር ፎጣ ቀለሙ ላይ ዘርግታችሁ ውሃውን ይምጠጥ፣ አትፈግፍጉት። ፎጣውን ስታጥቡ የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ውሃ የመምጠጥ አቅሙን ይቀንሰዋል። መሬት የወደቀውን ፎጣ ደግሞ እስኪታጠብ ድረስ ለጎማ ብቻ ተጠቀሙበት።