የዴንማርክን ተራኪ ግጥም ምት፣ ቤት አመታትና ድግግሞሽ መመርመር

የዴንማርክ ተራኪ ግጥም ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው «ፎልከቪሰ» የሚባለው፣ ገጣሚው የማይታወቅና ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ጥንታዊ የትረካ ዘፈን ነው። ለማሳያ የመረጥሁት «ኤልቨርስኩድ» የሚባለውን ነው። ጌታ ኦሉፍ ለሰርጉ እንግዳ ለመጥራት በፈረስ ይወጣል፤ በመንገድ የኤልፎች፣ ማለትም የጫካ መናፍስት፣ ንጉሥ ልጅ አብሯት እንዲጨፍር ትጠይቀዋለች፤ እምቢ ሲላት ትመታዋለች፤ ቤቱ ገብቶ ይሞታል፤ ሙሽሪትና እናቱም በኀዘን ይከተሉታል።

ከሁሉ በፊት በየትኛው ቅጂ እንደምትሠሩ ወስኑ። ስቬን ግሩንትቪ ከ1853 ጀምሮ ባሳተመው ታላቅ የዘፈኖች ስብስብ ውስጥ ይህ ግጥም በ47ኛ ቁጥር ሥር በብዙ ቅጂ የቀረበ ሲሆን፣ ስለ አንዱ ቅጂ የተባለው ለሌላው ላይሠራ ይችላል። እኔ በዴንማርክ በሰፊው የሚታወቀውን ይዣለሁ፤ አጀማመሩም በእኛ ፊደል ሲጻፍ በግምት እንዲህ ይሰማል፦

ሄር ኦሉፍ ሀን ሪደር ሶ ቪደ፣
አልት ቲል ሲት ብሪሉፕ አት ቢደ፤
መን ዳንሰን ደን ጎር ሶ ሌት ገነም ሉነን።

ምቱን ለመለየት ግጥሙን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ፤ በዓይን ብቻ የሚደረግ ቆጠራ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የአማርኛ አንባቢ ልማዱ ቀለም መቁጠር ነው፤ የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ሲሰደር ጆሯችን ወዲያው ያውቀዋል። የዴንማርክ ዘፈን ግን የሚለካው ጠበቅ ተደርገው በሚነገሩት ቀለሞች ብዛት ነው፤ በመካከላቸው የሚገቡት ልል ቀለሞች አንድም ሁለትም ቢሆኑ ስንኙ አይሰበርም። «ዴር ዳንሰድ ፊረ፣ ዴር ዳንሰድ ፌም» (አራት ጨፈሩ፣ አምስት ጨፈሩ) የሚለው ስንኝ ዘጠኝ ቀለም አለው፤ «ያይ ኢከ ቶር፣ ያይ ኢከ ሞ» (አልደፍርም፣ አይፈቀድልኝም) የሚለው ደግሞ ስምንት ነው። ሆኖም በእጃችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ ብታነቡ ሁለቱም አራት አራት ጊዜ ያስመቷችኋል፦ በፊተኛው ዳን፣ ፊ፣ ዳን፣ ፌም፤ በኋለኛው ኢ፣ ቶር፣ ኢ፣ ሞ። የመክፈቻው ሁለት ስንኞች ሦስት ሦስት ጠንካራ ምት ብቻ ይዘው በልል ቀለም ያልቃሉ፤ ይህን መዝግቡ እንጂ እንደ ጉድለት አትቁጠሩት፤ ቀሪውን ቦታ ዜማው ይሞላዋልና።

በቤት አመታቱ ላይ ደግሞ ጆሯችን በሌላ መንገድ ሊያታልለን ይችላል፤ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ይመስለኛልና ጥቂት ልቆይበት። በአማርኛ የስንኞቹ መጨረሻ ፊደል አንድ ዓይነት ከሆነ ቤት መታ እንላለን፤ በዚህ ሚዛን «ቪደ» እና «ቢደ» በ«ደ» ስለሚገጥሙ እንከን የላቸውም። በዴንማርክኛ ግን ሙሉ ቤት መምታት የሚጀምረው ከመጨረሻው ጠንካራ ቀለም አናባቢ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ድምፅ ሁሉ አንድ መሆን አለበት። የ«ቪደ» አናባቢ ተራ «ኢ» ነው፤ የሁለተኛው ቃል አናባቢ ግን በፊደላችን «ቢ» ብዬ ብጽፈውም ምላስን በ«ኢ» ቦታ አስቀምጦ ከንፈርን እንደ «ኡ» በማሞጥሞጥ የሚወጣ ሌላ ድምፅ ነው። ስለዚህ ቤቱ የመታው በከፊል ነው፤ ይህም ለጆሮ ሲዜም በኖረ ዘፈን የተለመደ ነው። «ሞ» እና «ስቶ» የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ሙሉ ቤት ይመታል። ሁለቱን ዓይነት በተለያየ ምልክት እየለያችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ።

ድግግሞሹን በሁለት ክፈሉት። አንዱ በትረካው ውስጥ ያለው ነው፦ የኤልፎቹ ንጉሥ ልጅ ጫማ፣ የሐር ሸሚዝ፣ ወርቅ እያለች ስጦታዋን ስትለዋውጥ፣ የኦሉፍ እምቢታ በዚያው ቃል ይመለሳል። እዚህ ላይ የተመራማሪው ሥራ የተደጋገመውን ቆጥሮ ማቆም ሳይሆን ድግግሞሹ የሚሰበርበትን ቦታ መፈለግ ነው። ዮሐን ጎትፍሪድ ሄርደር በ1779 ባሳተመው የጀርመንኛ ትርጉም፣ ወርቁ ሲቀርብለት ኦሉፍ የለመደውን መልስ ትቶ ወርቁንስ እንደሚወስድ፣ መጨፈር ግን እንደማይችል ይናገራል። ምኞቱ ያን ጊዜ ሾልኮ ይወጣል፤ የታወቀው መልስ ባይቀድም ኖሮ ግን ይህን ባላስተዋልን ነበር።

ሁለተኛው ድግግሞሽ አዝማቹ፣ ማለትም ከላይ በአጀማመሩ የጠቀስሁት ሦስተኛው ስንኝ ነው፤ ትርጉሙም «ጭፈራው ግን በዱሩ መካከል ቀለል ብሎ ይሄዳል» ማለት ነው። በፋሮ ደሴቶች ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ እየሠሩ ዛሬም በእንዲህ ያሉ ዘፈኖች ይጨፍራሉ፤ አውራጁ ታሪኩን ያወርዳል፣ አዝማቹን ሁሉም ይቀበላል። አዝማቹን እንደ ጌጥ አትለፉት። በአንድ ወረቀት ላይ የየአርኬውን ድርጊት በአጭሩ ጽፋችሁ ከያንዳንዱ ሥር አዝማቹን በሙሉ ድገሙት፤ ከዚያም «መን» (ግን) የሚለው ቃል በየቦታው ምንን እንደሚቃረን ጠይቁ። በመጀመሪያው አርኬ የሚቃረነው የሰርጉን ጉዞ ነው። እናቱ ጉንጩ ለምን እንደገረጣ ስትጠይቀው ጭንቀቷን ይቃረናል። ሙሽራዋ ቀዩን ጨርቅ ገልጣ ሬሳውን ስታይ እዚያው ቀላል ጭፈራ ይመለሳል። የሄርደር ትርጉም አዝማቹን ስለተወው ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ሁለቱን ተራ በተራ አንብባችሁ፣ ጀርመንኛው የኦሉፍ ሬሳ ሲታይ በዝምታ ሲያበቃ፣ በዴንማርክኛው ግን ሦስቱ ሬሳዎች ከወጡ በኋላም የኤልፎቹ ጭፈራ አሁንም እንደሚሰማ አስተውሉ።