የመስኖ ውሃ ተራ እንዴት ይወጣል?

አዳማ ዙሪያ ቦይ ተካፍላችሁ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለሙ ከሆነ ጣጣውን ታውቁታላችሁ። ከላይ ያለው ያጥለቀልቃል፣ ከታች ያለው ሰማይ ያያል። የእኔም ሽንኩርት አንድ ጥር ላይ ቆሞ ደርቋል። ቦዩ እኮ አዲስ ሲሚንቶ ነበር! ተራ የሚያስከብር ሰው ግን አልነበረም።

አባቶቻችን በዚህ አይታሙም። ቦረና ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚቆጣጠረው አባ ሄረጋ ነው። በሰሜን ደግሞ ቦዩን የሚመራው የውሃ አባት ይባላል።

መጀመሪያ አንድ አዛውንት ይዛችሁ ከጠለፋው፣ ማለትም ውሃው ከወንዙ ወደ ቦዩ ከሚገባበት፣ እስከ ቦዩ ጫፍ በእግር ሂዱ። በክፉው ድርቅ ውሃው የት ድረስ እንደወረደ፣ ክረምት ጎርፉ በየት እንደሚሰብር ጠይቁ። አዋሽ ላይ ያላችሁ ደግሞ ውሃችሁ ከቆቃ ግድብ የሚለቀቅ መሆኑን አትርሱ።

ከዚያ ለኩ። ውሃው በሚያንስበት ወር፣ ቀጥ ባለ ቦታ 10 ሜትር ምልክት አድርጉና የበቆሎ ቆረቆንዳ ጣሉ። በሞባይል ሰዓት ያዙ፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። 25 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። የቦዩ ስፋት 60፣ የውሃው ጥልቀት 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወደ ሜትር ቀይራችሁ ከፍጥነቱ ጋር አባዙ (0.6 × 0.2 × 0.4)፤ ላይ ላዩ ከታቹ ስለሚፈጥን በ0.8 ደግማችሁ አባዙ። 0.038 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 38 ሊትር ገደማ ይመጣል።

አሁን ሰዓት አካፍሉ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ መሬታችሁ 28 ሄክታር ከሆነ ለአንድ ሄክታር 6 ሰዓት ይደርሳል። በዚህ ሳምንት ሌሊት የደረሰው በሚቀጥለው ሳምንት በቀን ይሁንለት፣ አለበለዚያ ጠብ ነው። ውሃ ሲያንስ ከታች ጀምሩ።

የውሃ አባት ስትመርጡ፣ በእኔ ይሁንባችሁ፣ ማሳው ቦዩ ጫፍ ላይ ያለውን ምረጡ። ውሃው ካልደረሰ እንቅልፍ የማይወስደው እሱ ነው። ደለል ጠረጋ የቀረ ሰው ተራው ይለፈው፤ ዘመድም ቢሆን።

ደንቡን ጽፋችሁ አስፈርሙ፤ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ስላለ በማህበር ተመዝገቡበት።

በመጨረሻ ኢንጂነሩ ሲመጣ የድንጋይና የጭቃ ጠለፋችሁን አይናቅባችሁ። ክረምት ጎርፍ ይወስደዋል፣ እውነት ነው፤ ግን ደለሉም አብሮ ይሄዳል። እሱ በሚያመጣው የኮንክሪት ጠለፋ ፕላን ላይ የደለል ማስወጫው በር የቱ ጋ እንደሆነ በጣቱ ያሳያችሁ፤ ከሌለ አትፈርሙ።