ውድ የክረምት ኮርስ ለልጅ ያዋጣል? ከመክፈል በፊት ሂሳቡ እንዴት እንደሚሠራ

ሰኔ ሲጋመስ ደሴም ኮምቦልቻም በየአጥሩ ባነር ይሰቀላል፤ ኮዲንግ፣ ሮቦቲክስ፣ ስፖክን፣ ቴኳንዶ፣ ኪቦርድ። ጎረቤት ልጁን አስመዝግቦ የኛ ቤት ሲውል ሆድ ይብሳል። አብሽሩ። «ምዝገባው ዛሬ ያበቃል» የተባለው ነገም ማብቃቱ አይቀርም፤ ሂሳቡን ለመሥራት ጊዜ አለ።

1. ልጁን እዩት። «ኮዲንግ ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «አዎ» ይላል። ማንም ሳያዘው ምን ሲነካካ እንደሚውል ማየት ይሻላል።

2. ሙሉ ወጪውን ጻፉ። ባነሩ ላይ ያለው ክፍያ መጀመሪያው ነው። ባጃጅ ደርሶ መልስ ጨምሩበት፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ «በእግሩ ይመላለሳል» ማለት የማያዛልቅ ዕቅድ ነው። ቴኳንዶ ከሆነ ልብሱና የቀበቶ ፈተናው አለ። የሰርተፍኬትና የምረቃ ክፍያ መኖሩንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለስምንት ሳምንት ኮርስ ጋውን ማልበስ ለምን እንደሚያስፈልግ እኔ አይገባኝም።

3. ብሩን ልጁ በእጁ ለሚሠራበት ሰዓት አካፍሉ። ብዙ ወላጅ የሚዘለው ይሄን ነው፤ ውሳኔው ያለውም እዚሁ ነው።

የኮዲንጉ ክፍያ 3,200 ብር ነው እንበል። 8 ሳምንት፣ በሳምንት 2 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ቢሆን 32 ሰዓት ይሆናል፤ አንዱ ሰዓት 100 ብር ወጣለት። ደህና ይመስላል። ነገር ግን አንድ ኮምፒውተር ለ3 ልጅ ከሆነ የእናንተ ልጅ ማውሱን የሚይዘው 11 ሰዓት እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነው። አንዱ ሰዓት 300 ብር ገባ ማለት ነው። ቀሪውን ሰዓት የጓደኛውን እጅ ሲያይ ይውላል።

ስፖክን ላይ ደግሞ ይብሳል። 40 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል አስተማሪው 2 ሰዓት ሙሉ ዝም ቢል እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው የመናገሪያ ጊዜ 3 ደቂቃ ነው። አስተማሪ ደግሞ ዝም አይልም። ቴኳንዶና ኳስ ላይ ይህ ሂሳብ ይላላል፤ ሁሉም ልጅ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። እዚያ መታየት ያለበት የተሳሳተውን ልጅ ጠጋ ብሎ የሚያርም ሰው መኖሩ ነው።

የሚቀርባቸውንም ቀናት ቀንሱ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ 16 ይፈታል፤ የሚጾምና የሚያስቀድስ ልጅ የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ሊያጣ ይችላል። ቁርአን ቤት የሚሄድም ልጅ ሰዓቱ እንዳይጋጭበት ቀድማችሁ አጣሩ።

4. ገብታችሁ ተቀመጡ። ቢሮውን ሳይሆን ክፍሉን ጎብኙ፤ ትምህርት ላይ ሳሉ። የሚሠሩትን ኮምፒውተሮች ቁጠሩ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። ግቢውን የሚያስጎበኛችሁን ሰው ሳይሆን ራሱን አስተማሪውን አነጋግሩ። «ወላጅ አይገባም» ከተባላችሁ ወደሚቀጥለው ባነር ሂዱ።

5. መጀመሪያ በነፃ ሞክሩ። ለኮዲንግ ስክራች የሚባል የልጆች ፕሮግራም አለ። ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ነው፣ ክፍያ የለውም፣ አንዴ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ለጎረምሳው ደግሞ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ይሰጣል፣ ሰርተፍኬትም አለው። ሁለት ሳምንት ያልቆየበትን ነገር ከፍላችሁ አታስቀጥሉት።

ሙዚቃ ላይ አድልዎ አለኝ፤ ከኪቦርድ ክራር። ኪቦርዱ ኮርሱ ቦታ ይቀራል፤ ክራሩ ግን ቤት ይገባል፣ ልጁ ማታም ይለማመድበታል፣ የሰዓቱ ዋጋም ይወርዳል። ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች በተሰየሙበት አገር ክራር የሚያስይዝ ሰው ጠይቆ ማግኘት አያቅትም።

6. በወር ክፈሉ። የሐምሌን ብቻ ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ፤ ልጁ ቢያቋርጥ ገንዘቡ ስለሚመለስበት ሁኔታም በጽሑፍ ይስጧችሁ። «የሁለቱን ወር ባንዴ ካልከፈላችሁ» የሚል ካለ ቅናሹን ጠይቁት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ልጁ የሠራውን ነገር ቤት ያሳያችሁ፤ የሚያሳየው ካለ የነሐሴን ክፈሉ።