ሁለት የቼዝ ፕሮግራሞች ሲጋጠሙ አቻን ማን ይወስን?

ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ሁለት ቡድኖች ፕሮግራሞቻቸውን በሁለት ላፕቶፕ ሲያጋጥሙ፣ እርምጃ የሚያስተላልፈው ሰው አቻ መጠየቅም መቀበልም የለበትም። የኮምቦልቻ ሚኒባስ እንዳያመልጠው ብሎ የተስማማበት አቻ ስለ ፕሮግራሙ ምንም አይነግረንም። ፕሮግራሙ ጨዋታ አሸንፎ መዝጋት እንደማይሆንለት አውቆ የተቀበለው ደግሞ ይብሳል፤ ሊለካ የሚገባውን ድክመት ይሸፍናል።

ለፕሮግራሞቹ መተውም አያዋጣም። ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም የሚሠራበት የዩሲአይ ፕሮቶኮል (ፕሮግራሙ ከውጭ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ) አቻ መጠየቂያ ትእዛዝ የለውም፤ የኤክስቦርድ ፕሮቶኮል ግን አለው። አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ከሆነ ጥያቄው ሰሚ አያገኝም።

ስለዚህ ጨዋታው ሳይጀመር በቁጥር ተስማሙ። የኪውትቼስ ማጋጠሚያ የሚጠይቃችሁ ሦስት ቁጥር ነው። ጥሩ መነሻ፦ ከ40ኛው እርምጃ በኋላ፣ በተከታታይ 8 እርምጃ፣ የሁለቱም ግምት (ማን በምን ያህል እንደሚመራ ፕሮግራሙ የሚያሳየው ቁጥር) ከዜሮ ከ10 ሳንቲፓውን (የአንድ ወታደር ዋጋ አንድ አሥረኛ) ካልራቀ አቻ። በእጅ ስታስተላልፉም ያው ነው፤ ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን ግምቱን ጻፉ። «የሁለቱም» የሚለውን በፍጹም አትዝለሉ፤ አንዱ 0.00 እያሳየ ሌላው ማሸነፊያውን አይቶት ሊሆን ይችላል። 40ን ወደ 20 ካወረዳችሁት ደግሞ ገና ያልተከፈተ የተመጣጠነ ጨዋታ ይቆረጣል።

ጥቂት ጠጠር ሲቀር የሲዚጂ ሰንጠረዥ (የእያንዳንዱን ቦታ ትክክለኛ ውጤት አስቀድሞ አስልቶ የያዘ ፋይል) ይፍረድ። ንጉሦቹን ጨምሮ እስከ 5 ጠጠር ያለው 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ በፍላሽ ይዞራል፤ የ6 ጠጠሩ ግን 150 ጊጋባይት ያህል ነው፣ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

አስቸጋሪው፣ ሰው ሁሉ አቻ መሆኑን እያየ ፕሮግራሙ +1.5 (የአንድ ወታደር ተኩል ብልጫ) የሚያሳይበት ቦታ ነው። ቢሾፖቹ በተለያየ ቀለም ላይ ሲቆሙ ይህ ያጋጥማል። እዚህም እጃችሁን ሰብስቡ፤ ወታደር ሳይንቀሳቀስና ጠጠር ሳይበላ 50 እርምጃ ሲሞላ ጨዋታው በአቻ ያልቃል። በእርምጃ 3 ሴኮንድ ከሆነ፣ የሁለቱ 100 እርምጃ 5 ደቂቃ ነው። ይህን ያህል መጠበቅ ከክርክር ይሻላል።

መብራት ከጠፋ ሰዓቱን አቁሙ። በባትሪ አትቀጥሉ፤ ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ስትመለሱ የቆማችሁበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ሙሉውን ጨዋታ ጫኑ። ቦታው ብቻ ከተጫነ ፕሮግራሙ ያለፉትን ድግግሞሾች አያውቅም፤ ያው ቦታ ሦስት ጊዜ ሲመጣ አቻ መሆን ሲገባው፣ ሦስተኛውን እንደ መጀመሪያ ቆጥሮ ይቀጥላል።