ፍላሻችሁን ከመክፈታችሁ በፊት
ደብረ ማርቆስ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሰካሁትን ፍላሽ ቤቴ ስከፍተው ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚወስድ አቋራጭ ምልክት) ሆነው ጠበቁኝ። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። እንዲህ ሲገጥማችሁ ሾርትከቱን እንዳትነኩት። ቫይረሱን የሚያስነሳው እሱ ነው።

አንቲቫይረስ ለመግዛት ግን አትሩጡ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲፌንደር አብሮ ይመጣል፤ ያውም በነጻ። ለቤት ኮምፒውተር ይበቃል ባይ ነኝ። መብራትም ኔትወርክም ሲገኝ አፕዴት አድርጉት። ፍላሽ ስትሰኩ ሳትከፍቱ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ስካን። ሁለት አንቲቫይረስ መደራረብ ትርፉ ማሽኑን ማንቀርፈፍ ነው። ክራክ የተደረገውንማ (የሚከፈልበት ሆኖ ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ የሚዞረውን) ተዉት፤ አንዳንዴ ቫይረሱ ራሱ እሱ ነው።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ፣ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ማሽናችሁ ከቻለ ወደ 11 አሻግሩት።