ባሕር ዳር ላይ ፕሪም አላፈራ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ምልክት፦ ቅጠሉ ዓመት ሙሉ ለምለም ነው፤ አያብብም።

ሐይቁ ዳር ባሉ ግቢዎች ዋናው ችግር ይህ ነው። በቅድሚያ ዕድሜውን አስቡ፤ የተዳቀለ ችግኝም ቢሆን የሚያፈራው ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። ከዚያ ካለፈ ብርድ አንሶታል ማለት ነው። ፕሪም በብርድ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በደንብ ነቅቶ ለማበብም ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ለብዙ ሰዓታት ማግኘት አለበት። ብዙዎቹ የአውሮፓ ዝርያዎች ከ700 ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት እንኳ ያን ያህል አትበርድም። ስለዚህ ደብረ ታቦር ወይም እንጅባራ ሲያፈራ ያያችሁትን ዝርያ እዚህ አምጥታችሁ አትድከሙ።

መፍትሄው ከችግኝ መረጣ ይጀምራል። ጥቂት ብርድ የሚበቃቸውን የጃፓን ዝርያዎች ጠይቁ፤ ሜትሊ የሚባለው አንዱ ነው፣ ብቻውንም ያፈራል። እንዲህ ያለው ዛፍ ግቢያችሁ ቆሞ ከሰነፈ ደግሞ እናንተው አስተኙት። ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ ውኃ ቀንሱለት። ኅዳር መጨረሻ ላይ እንቡጡን ሳትጎዱ ቅጠሉን በእጅ ልቀሙ። ሽቅብ የቆሙትን ቅርንጫፎች በገመድ ስባችሁ አጋድሟቸው። እንቡጡ ማበጥ ሲጀምር ውኃውን መልሱለት። ብዙ ብርድ የሚሻውን ዝርያ ግን ይህም አያድነውም፤ ነቅሎ ሌላ መትከል ይሻላል።

ምልክት፦ ያብባል፣ ፍሬ ግን አይዝም።

አብዛኞቹ የጃፓን ዝርያዎች በራሳቸው ብናኝ አያፈሩም፤ በአንድ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ በቅርብ ያስፈልጋቸዋል። ግቢው ከጠበበ ከጎረቤት ጋር ተመካከሩና እናንተ አንዱን፣ እነሱ ሌላውን ትከሉ፤ ንብ አጥር አያግዳትም። በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ ፈጽሞ አትርጩ።

ምልክት፦ ክረምት ላይ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል።

ዋልካ አፈር ውኃ አቁሮ ሥሩን አፍኖታል። ማዳበሪያ አትጨምሩ፤ ቦይ ቅደዱለት። አዲስ ስትተክሉ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ከምሩና ጉብታው ላይ ትከሉ።

ምልክት፦ ከግንዱ ሙጫ ይወጣል።

ቁስል ወይም በሽታ ነው። የታመመውን ቅርንጫፍ በበጋ፣ በንጹሕ መቀስ ጤነኛው እንጨት ድረስ ቁረጡ።

ምልክት፦ ፍሬው ውስጥ ትል አለ።

የፍራፍሬ ዝንብ ናት። የረገፈውን በየቀኑ ልቀሙ፣ ጥቁር ፌስታል ውስጥ አጥብቃችሁ ቋጥሩና ፀሐይ ላይ አቆዩት። ጤነኛውን ቀለም ይዞ ትንሽ ልል ሲል ቀድማችሁ አውርዱት፤ ቤት ውስጥ ይበስላል።